የዱቄት ሙጫ

ኮምፒውተሬ «ለፕሮግራሞችህ አዲስ ማሻሻያ መጥቷል፤ አሁን ይጫን ወይስ በኋላ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የያዝኩትን ሥራ ጥዬ «አሁን» እላለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ «አባባ እኮ የመንግሥት ትእዛዝ የመጣለት ይመስለዋል» ይላሉ። ይሳቁ። እኔ «በኋላ» የምትለዋን ቃል ነክቻት አላውቅም።

በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ዓመት፣ ቆቦ አጠገብ ባለች አንዲት ክሊኒክ ጸሐፊ ነበርኩ። በሐኪም ቦታ የሚያክመው ድሬሰሩ ደግ ሽማግሌ ነበር፤ መድኃኒት የሚሰጠው ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ እያነበበ ነበር። የአንድ መድኃኒት መጠን ሲለወጥ ከደሴ የእርማት ወረቀት በአውቶቡስ ይመጣል፤ እኔ ቆርጬ በአሮጌው መስመር ላይ እለጥፋለሁ። ሙጫውን የማፈላው ከስንዴ ዱቄት ነው።

አንድ ቀን «ለተጎሳቆሉ ሕፃናት የወባው ሽሮፕ በግማሽ ይቀነስ» የሚል መጣ። ደጃፋችን ላይ ሰው በረሃብ ተኝቶ እኔ ዱቄት ለወረቀት ላፈላ? አፈርኩ። በኋላ ይደርሳል ብዬ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለድሬሰሩ በአፍ መንገር ግን ዱቄት አይፈጅም ነበር፤ ይህ ሞኝነቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

በሳምንቱ አንዲት እናት ትኩሳት የያዛትን ልጇን አዝላ ከሮቢት መጣች። የልጅቱ አጥንት ይቆጠራል። ድሬሰሩ መጽሐፉን ገለጠ፣ አነበበ፣ ሽሮፑን ለካ። ጠርሙሱን የከደንኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ትዝም አላለኝ።

«ጠርሙስ የለንምና አጥበሽ መልሺልን፣ እህቴ» አላት ድሬሰሩ።

በአራተኛው ቀን የሮቢት ገበያተኞች ያቺ ልጅ መቀበሯን ነገሩን። መሳቢያው ያን ጊዜ ታወሰኝ። ረሃቡ ይሁን፣ ወባው ይሁን፣ ሽሮፑ ይሁን የገደላት አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ወረቀቱ መቼ እንደመጣ ለድሬሰሩ እስኪሞት አልነገርኩትም።

ከቤት አንድ እፍኝ ዱቄት አምጥቼ መርፌ በምንቀቅልበት ምድጃ ላይ በጣሳ ሙጫ አፈላሁ። ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥቼ ስለጥፍ እናትዮዋ የታጠበ ጠርሙስ ይዛ ገባች።

«አላህ ይስጣችሁ፤ እናንተስ የቻላችሁትን አድርጋችኋል» አለች። ፊቴን አየችና «አብሽር፣ ወንድምዓለም» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ። ከዚያ ጣሳው ውስጥ የሚተነውን ነጭ ነገር አየች።

«አጥሚት ነው? ለልጅ ነው?»

«አዎ» አልኳት።

«ሳይበርድ ስጡታ።»