የትርንጎ ጆንያ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት ልቀበል ሄጄ በር ላይ ቆሜ ሳለ፣ አስተማሪዋ እየሳቀች መጣችና «ማዘር፣ እንኳን ደስ አለዎት! ዛሬ ተናገረች። የቤታችሁን ነገር አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችልን» አለችኝ። ልጅቷ ትምህርት ከጀመረች ወር ሙሉ ትንፍሽ ብላ አታውቅም ነበርና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን «ምንድነው የነገረቻችሁ?» ብዬ ጮኽኩባት። ምስኪን፣ ክው ብላ ቀረች።

ወድጄ አይደለም። በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ መርካቶ ውስጥ በአንድ ቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። ስሙ ትምህርት ቤት ይሁን እንጂ የተወረሰ መጋዘን ነው። ወንበር የሚባል ስለሌለ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ቁራጭ ጆንያ ይዞ ይመጣና እሱ ላይ ይቀመጣል። የእህል በረንዳዎቹ ልጆች ጆንያ ጤፍ ጤፍ ይላል፣ የቡና ነጋዴዎቹ ቡና ቡና። ዓይኔን ጨፍኜ የማን ልጅ የት እንደተቀመጠ በጠረኑ መለየት እችል ነበር።

ትርንጎ የመጣችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አምስት ዓመቷ ነበር። እናቷ በርበሬ በረንዳ አንድ መጋዘን ውስጥ ዛላ ትሸጣለች። ስመዘግባት «አባቷስ?» ብዬ ብጠይቅ፣ እናትየው መሬት መሬቱን እያየች «ሄዷል» አለችኝ። በዚያ ዘመን «ሄዷል» ከተባለ ወዴት ተብሎ አይጠየቅም። እኔም «ሄዷል» ብዬ ጻፍኩ።

ልጅቷ አትናገርም። ይባስ ብሎ ጆንያዋ የበርበሬ ነው፤ አጠገቧ የተቀመጠ ሁሉ ስለሚያስነጥስ ልጆቹ ሸሿት። ምሳ ዕቃዋን ታቅፋ በር ሥር ብቻዋን ትውላለች። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ እልኸኛ ነበርኩ። ይቺን ልጅ ካላናገርኩ ብዬ ማልኩ። አሁን ሳስበው፣ ምነው እጄን በቆረጠው እላለሁ። ደግሞ መልሼ፣ ኧረ እንኳንም አደረግኩት እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ የጆንያ መርፌና ሲባጎ ተውሼ የሁሉንም ጆንያ አጋጥሜ ሰፋሁት። አንድ ትልቅ ምንጣፍ ሆነ፤ የበርበሬው መሀል ላይ ገባ። ሰኞ ልጆቹ ዘለው ሲወጡበት ብናኙ ተነሣና ቤቱ በሙሉ በማስነጠስ ተናወጠ። እኔም አልቀረልኝም። ከድር የሚባል አፉ የማያርፍ ልጅ ነበረ፤ «ይማርሽ! ይማርህ!» እያለ በየተራ ሲያዳርስ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ትርንጎም ሳቀች። ከዚያ ወደ ከድር ጠጋ ብላ፣

«አባዬ ግን አያስነጥስም» አለች። «በርበሬው ላይ ነው የሚተኛው። አፉን በጋቢ ይይዛል።»

«ሄዷል» የተባለው አባት እዚያው በርበሬው መሀል ተደብቋል ማለት ነው። ልጆቹ ግን ወደዱላት፣ በማግስቱ ጨዋታ አደረጉት። አንዱ ምንጣፉ ሥር ገብቶ አፉን ይይዛል፤ ያስነጠሰ ወጣ። ትርንጎ የጨዋታው ዳኛ ሆነች፤ ምሳዋንም ከፍታ ታጎርሳቸው ጀመር። ዝም በሉ ብል፣ የተከለከለ ልጅ ቤቱ ሄዶ ነው የሚያወራው። እሷን ዝም ባሰኛት ተመልሳ በር ሥር መቀመጧ ነው። ዝም ካላሰኘኋት ደግሞ አባትየው ያልቃል። ለእናትየው መንገር ነበረብኝ። ግን ፈራሁ፤ በዚያን ጊዜ ማወቅ ራሱ ያስገድል ነበር። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አሥር ቀን አለፈ።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ አንድ የቀበሌ ጓድ ሊጎበኘን መጣ። ካኪ ለብሶ፣ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ። የራሱም ልጅ እኛው ዘንድ ነበር የሚማረው። ሰውየው ምንጣፉ ላይ ቁጢጥ ከማለቱ አስነጠሰ።

«ይማርዎት!» አለ ከድር። «ያስነጠሰ ወጣ! አባት እኮ በርበሬ ላይ ተኝቶ አያስነጥስም።»

የጓድ ፈገግታ ጠፋ። «የማን አባት ነው በርበሬ ላይ የሚተኛው?»

ትርንጎ እጇን አወጣች። «የኔ!»

 ከድር ግን መበለጥ አይወድም፤ «የኔም!» አለ። «የኔም!» አለች ሌላዋ። «የኔም እትዬ! የኔም!» ያላወጣ እጅ አልቀረም። የጓድ ልጅ ሳይቀር ብድግ ብሎ «የኔም አባት በርበሬ ላይ ነው የሚተኛው!» ብሎ ጮኸ። እኔ አላስተማርኳቸውም። ልጆች ናቸው፤ ጓደኛቸው ያለው ነገር እነሱ ዘንድ እንዳይጠፋ ነው። ሰውየው ልጁን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ። ሲወጣ ግን በር ላይ ዞር አለና በአገጩ ወደ ትርንጎ እያመለከተ «ያቺ የማን ናት?» አለኝ።

«የአንዲት ቸርቻሪ» አልኩ። ድምፄ መንቀጥቀጡን ሰምቶ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልጆቹን እንደሸኘሁ ወደ በርበሬ በረንዳ ከነፍኩ። እናትየው ዛላ ስትቀነጥስ አገኘኋትና ሁሉንም በጆሮዋ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ስል፣ እጇ ባለበት ቀረ።

«ተናገረች?» አለችኝ። «በአፏ? አባቷ ከተደበቀ ወዲህ እኮ ለእኔም ቃል አውጥታ አታውቅም።» እንባዋ ወረደ። በዚያ በበርበሬ እጇ መጥረግ ስለማትችል በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩላት። «በይ ሂጂ እህቴ፣ እንዳላየሽኝ ሁኚ» አለችኝ።

ሰኞ ትርንጎ አልመጣችም። ማክሰኞ አብዮት ጥበቃዎች እናትየው የምትሠራበትን መጋዘን ከበው ጆንያውን ሁሉ በሳንጃ ዘረገፉት። ብናኙ እኛ ድረስ መጣ። ልጆቹ ማስነጠስ ሲጀምሩ ከድር ብድግ ብሎ «ትርንጎ መጣች!» አለ። ሁሉም እየተሳሳቁ ወደ በሩ ሮጡ።

ከአንድ ጋቢ በቀር ምንም አልተገኘም ተባለ። አመንኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ቦታዋን ግን ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ አላስነኩም። አዲስ ልጅ ሲመጣ «እዚያ ላይ አትቀመጥ፣ የሷ ነው» ይሉታል።

ይኸው ነው በዚያች ምስኪን አስተማሪ ላይ ያስጮኸኝ። «ኧረ ምንም ክፉ ነገር አላለችም፣ ማዘር!» አለችኝ። «አያቴ ስትተኛ ታንኮራፋለች ነው ያለችው። ከዚያማ ሁሉም እጃቸውን አውጥተው የኔም አያት፣ የኔም አያት እያሉ ክፍሉን ቀወጡት።»

እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የልጅ ልጄ ደንግጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አያቴ፣ ሁለተኛ አልናገርም» አለችኝ።

«ተናገሪ እናቴ» አልኳት። «ሁሉንም ተናገሪ።»