ያልለቀምኩት ስንዴ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው የሆነ ቦታ ፈርሚ ሲሉኝ ብቻ ነው። እናቴ ከወሎ ስለመጣች ቤታችን ውስጥ የሚወራው አማርኛ ነው፤ ስለዚህ በእሱ እጽፋለሁ። ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ በአፌ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጾም ብቻ ጠይቄያቸው ተመልሻለሁ። ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም።

ነገሩ ስለት ነው። በጦርነቱ፣ ስልክ በተቋረጠበት፣ ማን እንዳለ ማን እንደሞተ በማይታወቅበት ጊዜ፣ ታላቅ ወንድሜ የት እንዳለ ሳናውቅ ወራት አለፉ። እናቴ እህል መቅመስ ተወች። እኔ ቁሓ አጠገብ ወዳለችው ማርያም በእግሬ ሄጄ፣ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ "በሕይወት ካመጣሽልኝ፣ እስክሞት ድረስ በየወሩ በሃያ አንድ የመገበሪያ ስንዴ በገዛ እጄ ለቅሜ አመጣለሁ" አልኳት።

መገበሪያ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ስንዴ ነው። እንደ ቤት ስንዴ አይለቀምም። ጠጠርና እንክርዳድ ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ የተሰበረች ፍሬ እንኳ መግባት የለባትም።

ወንድሜ መጣ። እያነከሰ፣ ግን መጣ። የመጀመሪያውን ዓመት እንዳልኩት አደረግሁ። እህል ሳልቀምስ፣ እጄን ታጥቤ፣ ስልኬን ዘግቼ፣ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ እለቅም ነበር። ወገቤ ሲቆረጥ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ተማሪዎች የሚበሉበት ቁርስ ቤት ሥራ ያዝኩ። ቀኑን ሙሉ ሳህን አጥባለሁ። አንድ ወር ሲደክመኝ ሮማናት አካባቢ ካለ ሱቅ በላስቲክ የታሸገ፣ ተለቅሟል የሚሉትን ስንዴ ገዛሁ። የመጀመሪያውን ከላይ ከላይ አየሁት። የሁለተኛውን ላስቲኩንም አልፈታሁት። "እመቤቴ ድካሜን ታውቃለች" እያልኩ ወሰድኩ። ይህን ማለት እንዴት ቀላል እንደነበረ ሳስበው አሁንም ያናድደኛል።

ያን ጊዜ ግን የምናደደው በወንድሜ ነበር። ከመጣ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የረገጠው ምናልባት ሦስት ጊዜ ነው። ባለፈው፣ ሃያ አንድ እሑድ ሲውል፣ ጠዋት ልቀሰቅሰው ገባሁ።

"ተነስ እንጂ፣ ቅዳሴው ሊገባ ነው።"

"አንቺ ሂጂልኝ" አለ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

"እንዴት ብዬ ነው የምሄድልህ? የተረፍከው አንተ ነህ።"

"ከዚያ ሁሉ ያወጣኝ አምላክ ዛሬ ስለተኛሁ ይጥለኛል? መሐሪ ነው እኮ።" ከዚያ ራሱን አውጥቶ አየኝ። "ደግሞ አንቺ መቼ ነው ቅስና የተቀበልሽው? በይ መስቀል አሳልሚኝ።"

እናቴ ከወዲያ ሳቀች። መናገር ሲያቅተኝ እንባዬ ይቀድማል፤ በሩን ገጭ አድርጌ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ መንገዱን ሙሉ፣ ሳልነግረው የቀረሁትን ሁሉ በልቤ እነግረው ነበር። ለምነን ያገኘንህ ልጅ፣ ምሕረቱን ፍራሽ አድርገህ ትተኛበታለህ ወይ እያልኩ። ላስቲኩ ጭኔ ላይ ነበር፣ እንደታሸገ።

ስንዴውን የሚቀበሉኝ በግቢው ጥግ ባለች ትንሽ ቤት የሚኖሩ አሮጊት እማሆይ ናቸው። የስለቴንና የወንድሜን ነገር መጀመሪያ ስመጣ ነግሬያቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ሰጥቻቸው ቶሎ እሄዳለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ከቅዳሴ በኋላ ዝናብ ስለያዘኝ በራቸው ላይ ቆምኩ። እማሆይ ላስቲኩን ፈትተው ሰፌድ ላይ ገለበጡት። ዓይናቸው ደክሟል። ፍሬውን በጣታቸው እየዳሰሱ መልቀም ጀመሩ። ጠጠር አወጡ። ጥቂት ቆይተው ሌላ አወጡ።

"እማሆይ፣ ይሄን ሁልጊዜ ይለቅሙታል?"

"የአንቺን? ድሮ አልነካውም ነበር፣ ንጹሕ ነበር። አሁን ከፋሲካ ወዲህ ነው።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ፣ ጓለይ?" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ወንድምሽ ብሶበት፣ እሱን ስታስታምሚ ጊዜ አጥተሽ መስሎኝ። በጸሎቴ እያሰብኩት ነው።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ፊት ቢያዋርዱኝ ይሻለኝ ነበር። ወንድሜ ቢያንስ መተኛቱን አይደብቅም። እኔ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በየወሩ እዚህ እየመጣሁ፣ የእኔን ስለት ዓይናቸው ለደከመ ለእኚህ እማሆይ አሸክሜ እሄድ ነበር። በራሴ ተናደድኩ፣ በዚያ ላስቲክ ተናደድኩ፣ በእሳቸው ደግነት እንኳ ተናደድኩ። ዝናቡ ቢያቆም ኖሮ ሳልናገር እሄድ ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

"አልታመመም" አልኩ። ድምፄ አልተሰማም መሰለኝ፣ ደገምኩት። "ወንድሜ ደህና ነው፣ እማሆይ። ቤት ተኝቷል። እኔ ነኝ ያልለቀምኩት። ሰንፌ ነው።"

ጣታቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። ቀና ብለው ወደ ድምፄ አዩ፤ ከዚያ አጠገባቸው ያለውን በርጩማ ወደ እኔ ገፉት።

"ደህና ከሆነማ ተመስገን" አሉ። "በይ ተቀመጪ። ጠጠሩን በእጄ አገኘዋለሁ፤ ስባሪው ነው የሚያመልጠኝ።"