የከለከልሁት መድኃኒት

ወደ ሆስፒታላችን የመድኃኒት ድጋፍ ዴስክ የተዛወርሁ ዕለት የፋርማሲው ኃላፊ አቶ ደምሴ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ማኅተምና ሦስት ወፋፍራም ፋይል አስረከቡኝና «ሥራው ቀላል ነው፤ ወረቀት ማሟላት ብቻ ነው» አሉኝ። ከዚያ በፊት ባሕር ዳር ውስጥ በዚያው ሆስፒታል ስድስት ዓመት በመስኮት መድኃኒት ያደልሁ ድራጊስት ነኝ። መድኃኒት ማደል አውቃለሁ። ወረቀት ማሟላት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ግን የነገረኝ አልነበረም።

ዋጋቸው የማይቀመስ መድኃኒቶች አሉ፤ በየቀኑ የሚዋጡ፣ ዕድሜ ልክ የማይቋረጡ። የአንዳንዱ የጥቂት ወር ዋጋ የእኔን የዓመት ደመወዝ ያስንቃል። እነዚህን በነጻ የሚሰጡ የድጋፍ ፕሮግራሞች አሉ። የእኔ ድርሻ ታማሚውን ከፕሮግራሙ ጋር ማገናኘት ነበር፤ ቅጽ እሞላለሁ፣ ከቀበሌ የመጣውን ደብዳቤ አያለሁ፣ «ይገባዋል» ወይም «አይገባውም» ብዬ ፈርሜ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ።

ሦስቱ ፋይሎች የሦስት ፕሮግራሞች ነበሩ። አንዱ ታማሚው የጤና መድን አባል ነው የሚል ወረቀት ይፈልጋል። ሁለተኛው መድን የለውም የሚል። ሦስተኛው መድን አለው፣ መድኑ ግን ይህን መድኃኒት አይሸፍንም የሚል። ያን ቀን መጀመሪያ የገባችው የሹም አቦ ሰፈር ሴት ሦስቱንም ይዛ መጣች፤ ሦስቱም ከአንድ ቀበሌ፣ ሦስቱም ማኅተም ያረፈባቸው።

«የትኛው ነው እውነቱ?» አልኋት።

«እኔ ምን አውቄ! አንቺ የትኛውን ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ።

አቶ ደምሴ ዘንድ ሮጥሁ። ከኮምፒውተራቸው ቀና ሳይሉ «ማኅተም ካለው እውነት ነው» አሉኝ። ሦስቱም ማኅተም አላቸው ብላቸው «እንግዲያው የሚጠቅማትን ምረጪላት» አሉ። መረጥሁላት፣ መድኃኒቱንም አገኘች። ትክክል ሠርቼ ይሁን አጭበርብሬ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ግን ለሁለት ዓመት የሠራሁት በዚያች በአቶ ደምሴ ቃል ነው። ግራ የገባው ሰው የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል፤ እኔ ማኅተም ጨበጥሁ።

አንድ ሰኞ ሁለት ሰዎች ከደልጊ ከተማ ሐይቁን ተሻግረው አብረው መጡ። አንደኛው እንድሪስ የሚባሉ ጎልማሳ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ሌላው በዕድሜ ያንሳቸዋል፤ ኑሩ ይባላል። ሁለቱንም የያዛቸው አንድ ዓይነት የደም ካንሰር ነው፤ የምታክማቸው የሆስፒታላችን ሐኪም እንኳ አንድ ትንሽ ከተማ ሁለት ታማሚ መላኳ ገርሟታል። የታዘዘላቸውም አንድ ዓይነት እንክብል ነው፤ በቀን አንዴ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል።

የእንድሪስ ደብዳቤ «ምንም ገቢ የሌላቸው» ይላል። ፈረምሁ። የኑሩ ደብዳቤ «በግል ሥራ የሚተዳደር፣ በግቢው ሁለት የእንጨት ጀልባ የሚገኝ» ይላል። ባለሁለት ጀልባ! ድሃ ነኝ ማለቱ አናደደኝ። «በቂ ሀብት ስላለው አይገባውም» ብዬ ጽፌ፣ ማኅተሜን አሳርፌ፣ ነገርሁት። ኑሩ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «ደብዳቤው እንዲያ ካለ እሺ» ብሎ ተነሣ። እንድሪስ ግን በሩ ላይ ቆመው ትንሽ አዩኝ።

ፕሮግራሙ ጥብቅ ነው። ታማሚው በየሦስት ወሩ ደም ይሰጣል፣ እንክብሉ የታሸገበትን ባዶ ስትሪፕ ይመልሳል፤ ተቆጥሮ ሲሞላ አዲሱ ይሰጠዋል። እንድሪስ ባዶውን ስትሪፕ በመረብ ክር አስረው ያመጡ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጎድሎባቸው አያውቅም። ለሌሎች ታማሚዎች «እንደ እንድሪስ ሁኑ» እስከ ማለት ደርሼ ነበር።

ደማቸው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ነጭ የደም ሴላቸው መጀመሪያ ወረደ፣ ከዚያ ባለበት ቆመ፣ ከዚያ መውጣት ጀመረ። ሐኪሟ ጠራችኝ።

«በትክክል እየዋጡ ነው?»

«ስትሪፑ ባዶ ነው፤ በእጄ ቆጥሬዋለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ መድኃኒቱ አልሠራላቸውም ማለት ነው» አለች። ፊቷ ላይ ግን እርግጠኝነት አልነበረም። 

አቶ ደምሴ ደግሞ ሳቁብኝ። «እንክብሉን ሸጦ ባዶውን ነው የሚያመጣልሽ። ሞኝ!» አላመንኋቸውም። ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ እንድሪስ አዲስ ጃኬት ለብሰው ቢመጡ ጃኬቱ በእንክብሉ ገንዘብ የተገዛ መስሎ ታየኝ። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልሁም። በሩን ዘጋሁና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥሁ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ መድኃኒቱን ይውጣሉ?»

«እውጣለሁ እንጂ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑማ ተራ አለ።»

«የምን ተራ?»

«አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን ኑሩ።»

ኑሩ ማን እንደሆነ ጠፋብኝ። «የትኛው ኑሩ?» አልሁ።

«የከለከልሽው ነዋ ልጄ!»

 የሰውዬው ደም ለምን እንደሚያሻቅብ ወራት ሙሉ ስፈልግ ነገሩ ከእኔው ፊርማ ተነሥቷል። አሁንም ግን አልተዋጠልኝምና «ሁለት ጀልባ ያለው ሰው ሸጦ አይገዛም ነበር?» አልኋቸው።

«ጀልባው የሰው ነው። ኑሩ ጀልባ ሠሪ ነው፤ ሠርቶ ለባለቤቱ ያስረክባል። እሱ መጥረቢያና መጋዝ ነው ያለው።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«አልጠየቅሽውማ።»

«እርስዎስ ለምን ግማሹን ይሰጡታል? ግማሽ እኮ ለማናችሁም አይበጅም!»

«ያን አላወቅሁም፤ ወላሂ አላወቅሁም። እኛ ሐይቅ ላይ አብሮ የወጣ ሰው እኩል ነው የሚካፈል። ያንተ መረብ ባዶ ነው ተብሎ ባዶ እጁን የሚገባ የለም። አብረን ነው የመጣን። ምን ብዬ ብቻዬን ልዋጥ?»

የፕሮግራሙ ሕግ ግልጽ ነው፤ መድኃኒቱን ለሌላ ያካፈለ ይሰረዛል። ብጽፍ እንድሪስ ይሰረዛሉ፣ መድኃኒት የሌለው ሰው ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ይሆናል። ባልጽፍ ሐኪሟ በተሳሳተ መረጃ ታክማለች። ለእሷ ያንኑ ዕለት ከሰዓት ነገርኋት። ለፕሮግራሙ ምን እንደምጽፍ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ውሉ ጠፋብኝ፤ እጽፋለሁ፣ መልሼ እቀደዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ የራሴ ስም ነበር።

በአራተኛው ቀን ፈቃድ ጠይቄ ደልጊ ሄድሁ። የኑሩ ግቢ ውስጥ አንድ ያላለቀ ጀልባ ተጋድሟል። ጎኑ ላይ የሌላ ሰው ስም ከወዲሁ በቀለም ተጽፎበታል። ኑሩ ከስቷል፣ መጥረቢያውን ይዞ ተቀምጦ ነው የሚጠርበው። እኔን ሲያይ ተነሥቶ መቀመጫውን ሰጠኝ። ማፈሬን ነገርሁት፣ ለምን ያን ቀን እንዳልተናገረም ጠየቅሁት።

«አንች ወረቀቱን እያነበብሽ ነበር» አለኝ። «ማኅተም ያለው ወረቀት እያነበበ ላለ ሰው ምን ይባላል?»

እዚያው ግቢ ቅጹን እንደገና ሞላሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበርም መጥተው፣ ጀልባው የማን እንደሆነ ጨምረው ደብዳቤውን አስተካከሉ። ባሕር ዳር ስመለስ ለፕሮግራሙ ሁሉንም ጻፍሁ፤ እንድሪስ እንዳካፈሉ፣ ያካፈሉትም እኔ ሳላጣራ ስለከለከልሁ መሆኑን። አቶ ደምሴ አንብበው «ይህን ከላክሽ ዴስኩን ልታጪ ትችያለሽ» አሉ። ቆይተው ደግሞ እስክሪብቶ አወጡና ከእኔ ስም ሥር ፈረሙ። «ማኅተም ካለው እውነት ነው ያልሁሽ እኔ ነኝ» አሉ።

መልስ መጣ። ኑሩ ተፈቀደለት። እንድሪስ ማስጠንቀቂያ ተጽፎላቸው ሳይሰረዙ ቀሩ። ለእኔም ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ሁለቱ ሙሉውን መጠን መዋጥ ጀመሩ። ከሦስት ወር በኋላ አብረው መጡ፣ ደም ሰጡ።

የኑሩ ውጤት ጥሩ ነበር። የእንድሪስ ግን አልወረደም፤ መድኃኒቱ ከእንግዲህ ለእሳቸው አይሠራም። ሐኪሟ ነግራቸው ወደ እኔ ላከቻቸው። ላጽናናቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«ኑሩስ?»

«ኑሩ ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። «እንግዲህ የኔን ሌላ ቅጽ ጻፊልኝ።»

ለሁለተኛው መድኃኒት የሚሆነውን ቅጽ መስመር በመስመር እየጠየቅሁ ሞላሁ። ለወራት ጠበቅን፤ በመጨረሻ ተፈቀደ። እንድሪስ ዛሬ እሱን ይውጣሉ። በሕይወት አሉ፣ ሐይቅ የመውጣት አቅም ግን የላቸውም።

ሐኪሟን ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ «ከመጀመሪያው ሙሉውን ውጠው ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስባቸውም ነበር?» «ሊደርስም፣ ላይደርስም ይችል ነበር» ትለኛለች። ከዚህ የበለጠ መልስ የላትም፤ ያለው ሰውም አላገኘሁም።

እዚህ ዴስክ ለምትቀመጡ አዲሶች የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። «አይገባውም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ደብዳቤው ላይ የተጠቀሰው ንብረት የማን እንደሆነ ፊታችሁ የተቀመጠውን ሰው ጠይቁት።