ሰፌድ የለመደ እጅ

ልጅ እያለሁ ከሰፌድ በቀር በእጄ የማውቀው መሣሪያ አልነበረም። እናቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ለጣሊያኖች የመኪና ጋራዥ ወጥ ቤት ምስርና ስንዴ ትለቅም ነበር፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ አበጥራለሁ። የምስሩ ገለባ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። የናፍጣው ሽታ ከቦርከና ወንዝ እርጥብ ጭቃ ጋር ይቀላቀላል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ጣሊያኖቹ በዘይት የሚያቁላሉት ነጭ ሽንኩርት አለ። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣ ሌላው ሰው ይርበዋል፤ እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

የእኔ ዘመን ሰዎች የልጅነት ትዝታቸውን ሲጽፉ አነባለሁ። በሁሉም ውስጥ አባት አርበኛ ነው፣ እናት ስንቅ አቀባይ ናት፣ ጸሐፊው ራሱ ጥርሱን ሳይነቅል ጥይት አመላልሷል። ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ማን ጠረበው? ያን ሁሉ ፓስታ ማን በላው? እነዚያ ሰዎች አንድም ልጅ ሳይወልዱ ያለቁ ይመስላል። እኔ ፓስታውን ከበሉት ወገን ነኝ። ከመብላትም አልፌ ከጣሊያን ጊታር ተምሬያለሁ፤ ያውም በደስታ።

ጂኖ የጋራዡ መካኒክ ነበር። አጭር ሰው ነው፤ ጢሙ ላይ ግራሶ አይጠፋም። ወደ እኛ አገር ከመምጣቱ በፊት ፈረንሳይ ውስጥ ግንበኛ ሆኖ ሲሠራ፣ ቤታቸውን በፈረስ ጋሪ ላይ ጭነው ከሚዞሩ ጂፕሲዎች ዘንድ እየተቀመጠ ጊታር ለምዷል። እነዚያ ሰዎች ጃዝ የሚባለውን የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ወስደው ያለ ከበሮ ይጫወቱታል። ከበሮውም ጊታር ነው። አንደኛው ዜማውን ሲያወርድ ሌላው ከጎኑ ሆኖ ምቱን ይይዝለታል። ምት ያዡ ከሌለ ዜማው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ጂኖ ምት የሚይዝለት ሹፌር ጓደኛ ነበረው፤ ጓደኛው ወደ አሰብ መስመር ሲዛወር ብቻውን ቀረ።

አንድ ቀን በምሳ እረፍት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል፤ እኔ ምስር አበጥራለሁ። ሰፌድ የያዘች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ አንዱ ምት እህሉን ያነሣል፣ ቀጥሎ ያለው ጠንከር ብሎ ገለባውን ያወጣል። ጂኖ መጫወቱን አቆመና አየኝ። እኔም ያጠፋሁ መስሎኝ አቆምኩ። በእጁ «ቀጥይ» አለኝ። ስቀጥል እሱም ዜማውን በሰፌዴ ላይ ጫነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ምስሩ ራሱ የሚዘል መሰለኝ።

«ማማ፣ ይሄ ልጅ እጅ ጥሩ» አላት እናቴን በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «ለኔ ትንሽ ስጥ።»

«እጇን ብቻ ነው የምትፈልግ?» አለችው። «ሌላው አካሏ እኔ ዘንድ ምስር እየለቀመ ይቆያላ።»

ጂኖ አልገባውም፤ ግን ሳቀ። እናቴም ሳቀች። እንዲህ ሆኖ ተጀመረ፤ እኔ የያዝኩት ሹፌሩ ትቶለት የሄደውን ጊታር ነበር።

ትምህርቱ ከቀኝ እጅ ይነሣል። ክንድ ዝም ይላል፣ የሚሠራው አንጓ ነው፤ ውሃ ከጣት እንደ ማራገፍ። በአራት ይቆጠራል። አንደኛውና ሦስተኛው ለስላሳ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ጠንካራና አጭር፣ ሁሉም ወደ ታች። ከአንደኛው በፊት ደግሞ ወደ ላይ የምትሮጥ አንዲት ትንሽ ጭረት አለች። ማንም ሊሰማት አይገባም፤ ከጎደለች ግን ሙዚቃው ያነክሳል። ግራ እጅ ክሩን ይጫናል፣ ወዲያው ያላላል፤ ድምፁ ሳይንዛዛ ይቆረጣል። ጣቶቼ ስድስቱን ክር ስለማያዳርሱ ሦስቱን ብቻ እንድይዝ ፈቀደልኝ። የክሩን መምቻ ከበሬ ቀንድ ቆርጦ፣ በጋራዡ ሞረድ ሞርዶ ሠራልኝ።

ያስቸገረኝ ጭብጨባችን ነው። እኛ ወሎዎች ለሠርግም ሆነ ለመንዙማ ስናጨበጭብ በሦስት በሦስት የሚንከባለል ነገር አለን። ጂኖ አራት እየቆጠረ ሲሄድ እኔ ትንሽ ታግሼ ወደዚያው እንሸራተታለሁ፤ ትከሻዬም ተከትሎ ይነቃነቃል።

«ሠርግ የለም፣ ፒኮላ» ይለኛል። ፒኮላ ትንሿ ማለት ነው። «ሙሽራ የት አለ?»

«ሙሽራውን አምጣው እንጂ ድግሱን ለእኔ ተወው» ትላለች እናቴ ከወዲያ።

በኋላ ጊታሩን ረስቼ ሰፌድ የያዝኩ ያህል ስመታ ነገሩ ቀጥ አለ። ምት የሚይዝ ሰው ጥሩ ሲሠራ ማንም አያየውም። ሰው ዓይኑን በዜማው ላይ ይተክላል፤ አንቺ ከሥር ሆነሽ ተሸክመሽዋል። ይህ እንዴት ደስ እንደሚል ላልቀመሰው ማስረዳት አልችልም።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ወንድም አጎቴ ይመርና ጎረቤታችን ሰይድ ከደጋን ገበያ ሲመለሱ ተያዙ። ለሽፍታ ጨው ታደርሳላችሁ ተባሉ፤ ጣሊያን አርበኛን ሽፍታ ነበር የሚለው። አድርሰው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አጎቴ ሲጠየቅ «ጨው የሚጠላ አለ?» ብሎ ያልፈው ነበር። ሁለቱንም ወስደው ደሴ አሰሯቸው። እናቴና የሰይድ ሚስት እትዬ ዘምዘም ስንቅ ቋጥረው ዳገቱን በእግራቸው እየወጡ ይመላለሱ ጀመር። እትዬ ዘምዘም ከእኛ ጋር በአንድ አጥር የምትኖር፣ እናቴ ገበያ ስትውል እኔን የምታበላኝ ሴት ናት። ዘበኞቹ ስንቁን ይቀበላሉ፤ ሰዎቹን አያሳዩም። እስረኞቹ በባሕሩ ዳርቻ ወዳለው የጣሊያኖች የእስረኛ ሰፈር ሊወርዱ ነው ተባለ። ወደዚያ የወረደ ሲመለስ ያየ ሰው አልነበረም።

እናቴ ጂኖን ለመነችው። ጂኖ አንድ መላ አለኝ አላት። ደሴ የመንገድ ሥራ አለቃ የሆነ መሐንዲስ አለ፤ ከእስር ቤቱ አዛዥ ጋር ካርታ ይጫወታል። ሚስቱ ሙዚቃ ትወዳለች፤ በመጪው እሑድ ምሳ ላይ እንዲጫወት ጂኖን ጠርታዋለች። አንዲት የወሎ ሕፃን ጊታር ስትመታ ብታይ ትደነቃለች፤ ስትደነቅ ትሰጣለች። «ምን ልስጥሽ ሲሉ ስኳር አትበይ» አለኝ ጂኖ። «ስም በይ።»

እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ስም አስጠናችኝ። ይመር አሊ፣ ሰይድ ሙሔ። ምስር ስንለቅም፣ ውሃ ስንቀዳ፤ ይመር አሊ፣ ሰይድ ሙሔ። እትዬ ዘምዘም በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «እስቲ የኔዋ» ስትለኝ፣ ለእሷም እላለሁ። እሑድ ጠዋት እናቴ ፀጉሬን ቅቤ ቀባችኝና ሌላውንም ትምህርት ሰጠችኝ። «ሥጋቸውን እንዳትነኪ። ወለላቸው ላይ እንዳትተፊ። ሲሰጡሽ ዘለሽ አትቀበዪ፤ ያላሳደጓት አትበልብኝ ያቺ ሴት። የጨዋ ልጅ ሲጠሩት አቤት፣ ሲሰጡት በቃኝ ነው።»

ከጂኖ ጋር በጭነት መኪና ዳገቱን ወጣን። ደሴ ስንደርስ ጦሳ ተራራ ጭጋጉን ለብሷል፤ ብርዱ ጣቶቼን አደረቃቸው። ጂኖ እጆቼን በሞተሩ ክዳን ላይ አስደግፎ አሞቀልኝ። መሐንዲሱ ቤት ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ሴቶቹ እንደ ቅመም ሱቅ ይሸታሉ። ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ እግሬ መሬት አይደርስም። መጀመሪያ እንደ ሰለጠነ ጦጣ እያዩኝ ሳቁ። ሙዚቃው ሲጀመር ግን ሳቁ ቀስ ብሎ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ወደ ጂኖ ዞረ፤ እኔን ረሱኝ። ያን ጊዜ ነው ጥሩ እንደያዝኩ የገባኝ። አንድም ጊዜ ወደ ሠርጋችን አልተንሸራተትኩም።

ሲያበቃ ጂኖ ጊታሮቹን መኪናው ላይ ሊጭን ወረደ። ሴትዮዋ ጉንጬን ቆንጥጣ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ጋራዥ ውስጥ የለቀምኳት ጣሊያንኛ ለዚህ ትበቃ ነበር።

«ይመር አሊ» አልኩ። «አጎቴ ነው። ደሴ ታስሯል።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ተያዩ። መሐንዲሱ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ስሙን አንድ ጊዜ አስደገመኝ፤ አጠገቡ ወደተቀመጠው መኮንን፣ ወደ እስር ቤቱ አዛዥ፣ ዞር ሲል መኮንኑ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መሐንዲሱ ወደ እኔ ተመልሶ «ሌላስ?» አለኝ።

«ባስታ» አልኩ። በቃኝ።

በእኛ ቤት ማንም ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ አይልም። እንግዳ ጨምሪ ሲሏት በቃኝ ትላለች፤ አላህን ይሏታል፤ ኧረ በቃኝ ትላለች፤ እኔ ልሙት ይሏታል፤ ያን ጊዜ እጇን ትዘረጋለች። በመጀመሪያው የምትቀበል ሴት መንደሩን ሁሉ ታስወራለች። እኔም ሰይድ ሙሔ የሚለውን ስም ምላሴ ላይ አዘጋጅቼ፣ መሐንዲሱ ደግሞ እስኪለምነኝ አንገቴን ሰበር አድርጌ ጠበቅሁ። መሐንዲሱ «ብራቫ»፣ ጎበዝ፣ አለና ወደ ወይኑ ዞረ። ሴትዮዋ ከረሜላ በመዳፌ አድርጋ በሩን አሳየችኝ።

መኪናው ከከተማው ሲወጣ ጂኖ «ሁለቱንም አልሽ?» አለኝ።

«አንዱን ብያለሁ። ሌላውን ሲለምነኝ ልል ነበር፤ አልለመነኝም።»

ቶሎ አልገባውም። ደግሜ ሳስረዳው መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመው፤ ግንባሩን በመሪው ላይ አሳረፈ። ከዚያ አዙሮ ተመለሰ። እኔን መኪናው ውስጥ ትቶ ቆቡን በእጁ ይዞ በሩን አንኳኳ። በመስኮቱ አየሁት፤ ከዘበኛው ጋር ብዙ ተነጋገረ። «ተኝተዋል፣ ነገ ና ይላል» ብሎኝ ገባ። በማግስቱም ሄደ፤ አንድ መካኒክ ሁለት ጊዜ አይለምንም ተብሎ ተመለሰ።

አጎቴ ይመር ጥቂት ቆይቶ ተፈታ። ሰይድ ከሌሎቹ ጋር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረደ፤ አልተመለሰም።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» ለማለት ቀድማ የመጣችው እትዬ ዘምዘም ናት። እናቴ የሆነውን ነገረቻት፤ ልትደብቅ አልሞከረችም። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ብታለቅስ፣ ብትጮህ፣ በጥፊ ብትለኝ ዕድሜዬን ሁሉ ባመሰገንኳት ነበር። እሷ ግን ጠራችኝና ራሴን ዳበሰችኝ። «ታዲያ ምን ታድርግ? ልጅ ሲጠየቅ ዘሎ ይዘረዝራል?» አለቻት እናቴን። «ወላሂ ጨዋ አሳድገሻል።» ምስጋና ሰውን እንዴት እንደሚገርፍ ያን ቀን ተማርኩ።

አጎቴ ከዚያ በኋላ በእትዬ ዘምዘም በር ማለፍ አቃተው፤ በጓሮ ይዞራል። ክረምት ሲገባ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርሰው የእሷን ማሳ ነው፤ የእኛ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ደግ አንባቢ አሁን ጊታሩን እርግፍ አድርጌ ተውኩት እንድል ይጠብቃል። አልተውኩትም። በሳምንቱ ጎማው ላይ ነበርኩ፤ እንዲያውም ምቱ ከበፊቱ ይበልጥ ያዘልኝ። ነፋሱ ወደ ሰፈራችን ሲነፍስ ድምፁ እስከ እትዬ ዘምዘም ደጃፍ እንደሚደርስ አውቅ ነበር። ለስለስ አድርጌ ልምታ እልና ሙዚቃው ሲሞቅ እረሳዋለሁ። ሰይድን ያስቀረው የመንደራችን ደንብ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና እችላለሁ፤ እንግሊዞች መጥተው ጂኖን እስኪወስዱት ድረስ በጎረቤቴ ኀዘን አጠገብ ለመደሰቴ ግን ሰበብ የለኝም። ዛሬ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሠርግ ስጠራ ወጣቶቹ በኤሌክትሪክ ጊታር ያደነቁሩናል። ዓይኔ የሚሄደው ከኋላ ቆሞ ምት ወደሚይዘው ልጅ ነው። ጥሩ ከያዘ እደሰታለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ዙሪያዬን አያለሁ፣ ማን እያየኝ እንደሆነ።

ጓደኞቼ የዛሬ ልጆች ይሉኝታ የላቸውም እያሉ ያማርራሉ። ሲሰጧቸው ይቀበላሉ፣ ሲጠይቋቸው የልባቸውን ይናገራሉ፣ ካነሳቸው ጨምሩ ይላሉ። ስለዚህ ጉዳይ ጻፊልን ይሉኛል፤ እኔ መጻፍ ሥራዬ ነውና። የምጽፍላቸው ይህን ነው።

ዘንድሮ ትንሿን ልጄን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እትዬ ዘምዘም አርጅታለች፤ ጓሮዋ ግን ዛሬም ፍሬ አያጣም። ለልጄ አንድ የበሰለ ዘይቱን ሰጠቻት። ልጄ ሳትግደረደር ተቀበለች፣ ገመጠች፣ ከዚያ «ለወንድሜም ስጪኝ» አለች። የተቀመጡት ሴቶች እንድቆጣት ወደ እኔ አዩ። ሳልቆጣት ስቀር አንዷ «ነውር ነው እናቴ፣ በቃኝ ይባላል» አለቻት።

«ተያት» አለች እትዬ ዘምዘም። «ትጠይቅ።»

ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። ወደ ዛፉ ሄደች፤ ጀርባዋን እንደሰጠችን ብዙ ቆማ ሁለተኛውን መረጠች።