በዱላ የወጣ ስም

ሮሐን ታማ ሳለች ደበደቧት፤ ድብደባውን ቀርጸው አሠራጩት፤ በዚያ ቪዲዮ ሰበብ የአንዲት አሮጊት ዓይን ጠፋ። የተፈጸመው ይህ ነው።

ሮሐ ሽሮ ሜዳ ለሚሸጡ ቀሚሶች ጥልፍ የምትጠልፍ የጉለሌ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ በተወለደ ሰሞን እንቅልፍ ራቃት፤ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀመረች። ወንድሟ መሳይ እንጦጦ ጋራ ላይ ራሱን አጥማቂ ብሎ ወደ ሾመ አንድ ሰው ወሰዳት። ሰውየው እጆቿን በሰንሰለት አሳስሮ በመቋሚያ ይመታት ገባ።

«ማን ላከህ? ተናገር!»

«እኔ ሮሐ ነኝ…»

«ሮሐ አይደለህም! የላከህን ጥራ!»

ስልክ ደግኖ የሚቀርጽ አንድ ተከታዩ ድብደባውን ያስቆመው አንዴ ብቻ ነው፤ «አባ፣ ፊቷ አይታይም፤ ወደዚህ ያዙሯት» ለማለት።

የጎድን አጥንቷ ሲሰበር ሮሐ አንድ ስም ጠራች፤ «ታየች»። በሕመሟ ሰሞን አጥሚት እያመላለሱ በማንኪያ ያጠጧት ጎረቤቷ፣ እማማ ታየች። በዚያ ሰዓት ከአእምሮዋ ያልጠፋው ስም ይህ ብቻ ነበር። የተሰበሰበው ሰው እልል አለ። በዚያ ስፍራ በዱላ የወጣ ስም የመንፈስ ምስክርነት ነው፤ አይመረመርም።

ቪዲዮው በማግስቱ የመንደሩን ስልክ ሁሉ አዳረሰ። ጎረምሶች የእማማ ታየችን በር ገነጠሉ።

«አንቺ መተተኛ፣ ውጪና ድግምትሽን ፍቺ!»

የወረወሩት ድንጋይ ግራ ዓይናቸውን አፈረጠው። ያም ተቀረጸ።

ሮሐ ኋላ በሐኪም መድኃኒት ተረጋግታ ነበር። ስልኳን ስትከፍት ራሷን አገኘች። ደጋግማ አየችው፤ ስልኩም ማየቷን እንደ መውደድ ቆጥሮ ሌሎች የሚገረፉ ሴቶችን አከታትሎ ደረደረላት። እንቅልፏ እንደገና ጠፋ። የቪዲዮዋን ሴት ላለመምሰል ፊቷን በጥፍሯ ቧጠጠች።

ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ የምታክማት ሐኪም «ማየቱን ተዪው» አለቻት።

«እኔ ብተወው እነሱ ይተዉታል?»

ቪዲዮው ካልጠፋ እንደማትድን ስለገባት ወደ አጥማቂው ወጣች።

«ያጥፉልኝ።»

«ልጄ፣ የተናገረው ያደረብሽ መንፈስ እንጂ አንቺ አይደለሽም! ምን አሳፈረሽ?»

«እንግዲያው የእኔ ፊት እዚያ ምን ይሠራል?»

«ስንቱ የተማረበትን አጥፉ ትያለሽ?»

አጃቢዎቹ ሳቁ፤ አንዱ ስልኩን ደገነባት።

ስትመለስ እማማ ታየች በራፋቸው ላይ ተቀብለው የቧጠጠችውን ፊቷን ዳበሱላት።

«ዝም በይ፤ ይቅርታ አያስፈልግም። ያ ዱላ እኔ ላይ ቢያርፍ የምጠራው ያንቺን ስም ነበር።»

ማንም አልተከሰሰም። ድንጋይ ወርዋሪዎቹ እዚያው መንደር ይኖራሉ፤ ሰውየው ዛሬም ያጠምቃል። ቪዲዮው አልጠፋም፤ ሮሐም ታየዋለች።