በረዶ መላሹና አክስቴ

ሰሞኑን ሬዲዮው አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ምድር ስለሞቀች፣ ሊቃውንቱ ሰማይ ላይ ዱቄት በትነው ፀሐይን ሊያደበዝዙ ያስባሉ አሉ። ሳቄ መጣ። እኛ መካነ ሰላም አካባቢ ይህን ጥበብ ድሮ ጨርሰነዋል፤ ያውም በአንድ ቀንድ።

በረዶ መላሽ ደብተራ ነበረን። ነሐሴ ላይ ደመናው ሲጠቁር ደብተራው ኮረብታው ላይ ወጥቶ እየደገመ ቀንዱን ይነፋል፤ እኛም እህል ሲወቃ ከየቤቱ እንሰፍርለታለን። ውሉ በረዶውን ሰው ወደሌለበት ገደል እንዲሸኘው ነበር። ከገደሉ ማዶ ግን ሰው አለ። አንዷ የአባቴ እህት ናት። በረሃቡ ባሏን ቀብራ፣ በሬዎቿን ሸጣ፣ ለምና ባገኘችው ዘር አንዲት ማሳ ገብስ አዘርታለች። ያ ገብስ ካልደረሰ ቤቷ ይዘጋል።

በዚያ ክረምት ደመናው መጣ፤ ቀንዱ ተነፋ፤ በረዶው ማዶ ወረደ። የእኛ ሰዎች "ተመስገን፣ ተመለሰ" ተባባሉ፤ አባቴም ጭምር። ወዴት ተመለሰ ብሎ የጠየቀ የለም። ጎረቤት ሲጠፋ ማመስገን እንደ እኛ የተካነ ሕዝብ አላየሁም።

በሳምንቱ ከከተማ የመጡት ዘማች ተማሪዎች ስብሰባ ጠሩ። ጊዜው የአብዮት ነው። ጠጉሩን ያጎፈረ አንድ ተማሪ ደብተራውን መሃል አቁሞ "ሕዝብ አታላይ!" አለው። ቀጥሎም ነገ ሳይንስ ደመናውን በአውሮፕላን እንደሚያዘው ሰበከን። አሮጌውን ቀንድ እየነጠቀ አዲስ ቀንድ ሊሰጠን ነው። ከዚያ ገብሷ በበረዶው ያለቀባትን አክስቴን ደብተራውን እንድትከስ ጠራት።

ተነሳች። "እሱን ተዉት፤ ቅጥረኛ ነው" አለች። "ይመልሰው አይመልሰው እግዜር ይወቅ። የቀጠሩት ግን እዚሁ ተቀምጠዋል።" ወደ አባቴ ዞረች። "ወንድም ዓለም፣ ማዶ ማን እንዳለ ጠፍቶህ ነው?"

ተማሪውም ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

የሬዲዮው ሊቃውንት ዱቄት ይሠራ አይሠራ አልከራከርም። ማዶ ያለውን ማን ጠየቀው ነው የምለው። ፀሐይን ለማደብዘዝ የሚሰበሰቡት ሁሉ ከገደሉ ወዲህ ያሉ ናቸው።

ያን ዓመት ገብሳችን አማረ። ኅዳር ላይ አባቴ ለእህቱ አንድ ጭነት ላከላት። አህያዋ ከነጭነቷ ተመለሰች። አክስቴ ቤቷን ዘግታ ወግዲ፣ ሰው ቤት ልትፈጭ ሄዳ ነበር።