ለሸማኔዎቹ የተነደፈው ሕንፃ

ዓለምፀሐይ የጉለሌ ልጅ ናት፤ ከጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ ካለው የሸማኔዎች ሰፈር። እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት ያሳደጓት ጎረቤቶቿ፣ ሸማኔው ጋሽ ዳኜና ባለቤታቸው እትዬ ሠርካዲስ ናቸው። ተምራ አርክቴክት ሆነች። በደርግ ጊዜ፣ የሰፈሩን ያረጁ የጭቃ ቤቶች አፍርሶ በቦታቸው አፓርታማ ለመሥራት ሲወሰን፣ መሥሪያ ቤቷ ንድፉን ለእሷ ሰጣት።

ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ስለሚሠራ ፎቅ ላይ መሸመን እንደማይሆንለት ታውቃለች፤ ስለዚህ ምድር ቤቱን በሙሉ ባለጉድጓድ የሽመና ክፍል አደረገችው። መሐሉን ደግሞ ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን እንዲበቃ ክፍት ተወችው።

ነዋሪው ግን አልነቃነቅም አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ቢያባብሉም ቢያስፈራሩም ሰሚ ሲያጡ፣ እሷ ተነሥታ ሕንፃው ሲያልቅ የሚገቡበት እነሱው እንደሆኑ ቃል ገባችላቸው። አለቆቿም የነገሯት ይኼንኑ ነበር።

ጋሽ ዳኜ ከሁሉ ቀድመው "ዓለሜ ካለች በቃ" አሉ።

ሰፈርተኛው ጓዙን ጭኖ ሸጎሌ፣ ለጊዜው ተብሎ በቆርቆሮ የተሠራ መጠለያ ገባ።

ሕንፃው ልክ እንደነደፈችው አለቀ። ቁልፉ ግን ለኃላፊዎችና ለመኮንኖች ታደለ። ዓለምፀሐይ አለቃዋ ዘንድ ገብታ ብትለምን፣ ትእዛዙ ከበላይ ነው፣ ያንቺ ሥራ መንደፍ ነው አሏት። በሳምንቱ በዚያ ስታልፍ፣ ልጆች እንዳይወድቁባቸው ተብሎ ጉድጓዶቹ በድንጋይ ሲደፈኑ አየች።

ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ብላ ሸጎሌ ሄደች። እትዬ ሠርካዲስ ዕቃውን ከወዲሁ ጠቅልለው በር ሥር ደርድረውታል። ጋሽ ዳኜን ወደ ውጭ ጠርታ ሁሉንም ነገረቻቸው።

"የተከለከለው ለእኛ ብቻ ነው ወይስ ለሁላችንም?"

"ለሁላችሁም ነው፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው አንቺ ሂጂ። ለሠርካዲስ እኔው እነግራታለሁ።"

ክረምቱ ሳይወጣ ጋሽ ዳኜ ሳንባቸውን ታመው ጳውሎስ ተኙ። ከአልጋቸው አጠገብ ባለው መስኮት ሕንፃው ይታያል። ዓለምፀሐይ ልትጠይቃቸው በገባች ቁጥር መጋረጃውን ትዘጋዋለች። አንድ ቀን እጇን ያዟት።

"ተዪው ዓለሜ። ያምራል እኮ።"

እዚያው ዐረፉ።

በለቅሶው ላይ እትዬ ሠርካዲስ አልወቀሷትም። አጠገባቸው አስቀምጠው እንባዋን በነጠላቸው ጠረጉላት። ቢወቅሷት ይሻላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ለእሳቸው እንኳ አንዲት ክፍል እንዲሰጥ ብዙ ደጅ ጠናች፤ አልሆነም። እትዬ ሠርካዲስ እዚያው ቆርቆሮ ሥር አረጁ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትጠይቃቸዋለች። ስለ ሰፈሩ ሰው፣ ስለ ጤናቸው ያወራሉ። ስለ ሕንፃው ግን ሁለቱም አንሥተው አያውቁም።